በነፃ የሚያድለው ኑሩ

የኑሩን ሞት ያረዳኝ ታምሩ ነው። ከሰው ሁሉ ታምሩ!

ጦርነቱ ወደ መርሳ ሲቃረብ ልጆቼን ይዤ ሸሽቼ ደሴ ዘመድ ቤት ተጠግቼ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት ታምሩ ፔርሙስ ታቅፎ ቆሟል። ፔርሙሱን ወዲያው አወቅሁት። መርሳ ለቀረው ለኑሩ እንዲያደርስለት ኢንሱሊንና በረዶ አድርገን፣ ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልዬ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ክዳኑ አሁንም በፕላስተር እንደተጠቀለለ ነው።

"ምነው? መንገዱ እምቢ አለህ?" አልኩት።

"እምቢ አለኝ" አለ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "ቀበሩት፣ አበቡ። እኔን ሲጠብቅ ሞተ። የሱን መድኃኒት እየተወጋሁ ነው እኮ እኔ እዚህ የደረስኩት!"

ልቅሶው በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በኑሩ ተናደድኩ። ሰው ያለ እሱ ውሎ የማያድርበትን መድኃኒት አንስቶ ለሌላ ሰው፣ ያውም ለዓመታት ሰላም ላላለው ሰው ይሰጣል? ኑሩን የማያውቅ ሰው ይህን ቢጠይቅ አልፈርድበትም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። እንደሚሰጥ ስለማውቅ ነው የተናደድኩት።

መርሳ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አስፋልቱ ዳር፣ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት አለኝ። ኑሩ ከጎኔ ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ኮምፒውተር ይጠግን ነበር። አዲስ አበባ ተምሮ እዚያው ደህና ሥራ ይዞ ሳለ እናቱ እማ ዘሀራ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሌላ ልጅ የላቸውም። ሥራውን ትቶ መጣ። "ለጥቂት ጊዜ ነው" ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መርሳን አልለቀቀም።

ጥገናው ለጉርሱ ነው፤ ልቡ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። በየአገሩ የኮምፒውተር ፕሮግራም እየሠሩ ለፈለገ ሁሉ በነፃ የሚያድሉ ሰዎች አሉ። ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ ጭምር ይሰጣሉ፤ ማንም ከፍቶ ያየዋል፣ የተበላሸውን ያርማል፣ ካሻውም ለውጦ ለሌላው ያቀብላል። ኦፕን ሶርስ ይሉታል። ኑሩ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበር። የሠራው የቀን መቁጠሪያ ነው። ኮምፒውተር ሲከፈት ጥጉ ላይ ብቅ ይልና የእኛን ቀን፣ የፈረንጁን ቀን፣ የሒጅራውን ቀን ጎን ለጎን ያሳያል፤ በዓሉንና ጾሙንም ያስታውሳል። እኔ ቤት ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ "ዛሬ ስንት ነው?" ይላል፤ እኔም ወደ ስክሪኑ ጥግ ጣቴን መቀሰር ለምጄ ነበር።

አብረውት የሚሠሩት አንዱ ብራዚል፣ አንዷ ፊንላንድ፣ አንዱ ጅማ ነው። አንዳቸውንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የብራዚሉ ሰው ሚስት የወለደች ጊዜ ግን ከረሜላ ገዝቶ ለሰፈሩ አደለ።

"የማታውቀው ሰው ልጅ ስለወለደ ከረሜላ?" ብዬ አሾፍኩበት።

"እንዴት አላውቀውም፣ እትዬ አበቡ? ስህተቴን አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው ነው" አለኝ።

ፕሮግራሙን ወደ አማርኛ ሲመልስ መዝገበ ቃላት ከሚያገላብጥ ይልቅ እናቱን ይጠይቅ ነበር። እማ ዘሀራ ማንበብ አይችሉም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ይልና "እማ፣ አንድ ነገር ልታደርጊ ብለሽ ሐሳብሽን ስትቀይሪ ምን ትያለሽ?" ይላቸዋል።

"ተወው እላለሁ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ!"

በቃ፣ ሌላው ሰው "ሰርዝ" የሚለው ቁልፍ ኑሩ ዘንድ "ተወው" ሆነ። የጅማው ሰው ይህ የመጽሐፍ ቋንቋ አይደለም ብሎ ተሟገተው። ክርክሩ ረዝሞ ረዝሞ ኑሩ "እናቴ ተወው ነው የምትለው" ብሎ ጻፈለትና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። እኔ ደግሞ የሱን ነገር ሳነሳ እስከዛሬ ከሁሉ ቀድሞ የሚታወሰኝ ይሄ ነው፤ እንባዬ ሳይደርቅ ያስቀኛል።

ሌላም አመል ነበረው። በሥራቸው አንድ ሰው ፕሮግራሙ ተበላሸብኝ ብሎ ሲጽፍላቸው ሦስት ነገር ይጠይቁታል፦ ምን ስታደርግ ነበር? ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅህ? ምን ሆነ? ኑሩ ይህን ለኮምፒውተር ብቻ ቢያደርገው ጥሩ ነበር። ወጥ አረረብኝ ስለው፣ የቤት አከራይ ተቆጣኝ ስለው፣ ከባሌ ተጣላሁ ስለው፣ ያው ነው። አንድ ቀን ከባሌ ጋር ተኮራርፌ መጥቼ እየተንገበገብኩ "ምን ስታደርጊ ነበር?" ሲለኝ ስቴፕለር ወረወርኩበት። ጎንበስ ብሎ አሳለፈውና "እሺ፣ ምን ይሆናል ብለሽ ጠበቅሽ?" አለኝ። መሳቄ አልቀረም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእኔም እንደነበር ገባኝ።

ስህተቱን አይደብቅም። ጳጉሜ ስድስት ቀን የሆነች ጊዜ ያ መቁጠሪያው አምስት ብሎ ዘለለና መስከረም አንድ ገባ። እኔም አምኜው ያን ቀን የጻፍኩት ማመልከቻ ሁሉ የአዲስ ዓመት ቀን ይዞ ወጣ። ሰው እየተመለሰ ሲጮህብኝ ዋለ። ኑሩ ደንግጦ ቁጭ አለና አስተካከለው። ካስተካከለው በኋላ፣ ዓለም በሚያየው ገጽ ላይ፣ ስድስተኛዋን ቀን የረሳሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ፣ ብሎ በስሙ ጻፈ።

"ዝም ብለህ ብታስተካክለው ማን ያውቅብሃል?" አልኩት።

"ነገ ሌላ ሰው እዚያው ላይ እንዳይሳሳት ነዋ። አብሽሪ፣ ውርደት አይደለም።"

ውርደት ያደረገው ታምሩ ነው። ታምሩ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ አለው። በፎርጅድ ቁልፍ የሚከፈቱ ፕሮግራሞች፣ ፊልምና ዘፈን እየገለበጠ ይሸጥ ነበር። ከዚያች ጳጉሜ በኋላ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት፣ አስፋልቱን አሻግሮ "ኑሩ! ዛሬ ዘመኑ ስንት ነው?" እያለ ይጮሃል። መንገደኛው ይስቃል። ኑሩም ከሰው ጋር አብሮ ይስቃል፤ ያ ደግሞ ታምሩን የባሰ ያበሽቀው ነበር።

ጠባቸው የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሲገዛ ፕሮግራሙን የሚጭነው ታምሩ ነበር፤ ዋጋም ተነጋግሯል። ኑሩ ይህን ሳያውቅ በነፃ ጫነላቸው። ታምሩ እየተንጨረጨረ ኑሩ ክፍል ድረስ መጣ።

"እንጀራዬን ነው የዘጋኸው!"

ኑሩ ፍላሽ አንስቶ ዘረጋለት። "እንካ። አንተም ይህንኑ ጫን፣ ለጉልበትህም አስከፍል። የሚከለክልህ የለም። ቸግሮህ ብትጠይቀኝ አሳይሃለሁ።"

ታምሩ ፍላሹን እንደ እባብ ሸሸው። "በነፃ የሚሰጥ ሰው ወጥመድ ሳይኖረው አይሰጥም" ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የለም፤ ጳጉሜ እስክትመጣ ድረስ ስሙንም ጠርቶት አያውቅም።

የሚገርመው ሁለቱም ስኳር አለባቸው። ሁለቱም ኢንሱሊን ይወጋሉ፤ ቀጠሯቸውም ወልድያ ሆስፒታል አንድ ቀን ነው። አንድ ጊዜ ወረቀትና ቀለም ልገዛ ወልድያ ሄጄ ስመለስ ከነሱ ጋር አንድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኑሩ ከፊት፣ ታምሩ ከኋላ። መንገድ ላይ ታምሩ ላብ አጠመቀው፣ ዓይኑም ፈዘዘ። እኔ ገና "ሰውዬው ምን ሆነ?" ስል ኑሩ ተነስቶ ሰው እየረገጠ ኋላ ሄደ። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ልጦ አፉ ውስጥ አደረገለት። የራሱ ስኳር ድንገት ቢወርድበት ብሎ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ይይዝ ነበር። ታምሩ ነፍስ ሲዘራ ኑሩ ተመልሶ ቦታው ተቀመጠ። መርሳ ስንደርስ ታምሩ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ወርዶ ሄደ። እኔ ስሳደብ ኑሩ እጄን ያዘኝና "ተይው፣ አፍሮ ነው" አለኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰዉ በመኪናም በእግሩም ከወልድያ እየጎረፈ በመርሳ ያልፍ ጀመር። እኔ ዕቃዬን እየቋጠርኩ "ተነስ፣ እንሂድ" እያልኩ ኑሩን ለመንኩት።

"እማን አንስቼ የት ላድርሳት? አልጋዋ ሲነካ እንኳ ትጮሃለች" አለ።

እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቷል። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። "ጉድ ነው! አሁን የፕሮግራም ጊዜ ነው?" ብዬ ጮህኩበት።

"የመቁጠሪያውን ቁልፍ እያስረከብኩ ነው። ማሻሻያ ሲሠራ አጽድቆ የሚያወጣው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን የብራዚሉም የጅማውም ሰው ማውጣት ይችላሉ። አንድ ሰው ብቻ የያዘው ከሆነ፣ ያ ሰው ቢጠፋ አብሮ ይጠፋል እኮ።"

ትከሻው ላይ ተንጠልጥዬ አየሁት። ከቁልፉ ጋር ለሁሉም መልእክት ጽፏል። አካባቢያችን ሰላም ስላልሆነ ለጥያቄያችሁ መልስ ብዘገይ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይላል። ከተማው ሊያዝ፣ እሱ ይቅርታ ይጠይቃል! የመላኪያውን ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነው። በመጨረሻ ሲሄድለት ፈገግ አለና ለልጆቼ ከረሜላ አሲዞ እስከ መኪናው ሸኘን። በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

የቀረውን የነገረኝ ታምሩ ነው። ታምሩ ሱቄን ጥዬ አልሄድም ብሎ ቀርቶ ነበር። ሱቁ ብዙም ሳይቆይ ተዘረፈ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መድኃኒት ቤቱ ባዶ ሆነ። መብራት ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲል ኢንሱሊኑን በሞተ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሙቀት ጨረሰው። ኑሩ ግን የራሱን በሸክላ ማሰሮ፣ በእርጥብ አሸዋ መሐል ቀብሮ አቆይቶት ነበር።

ታምሩ መጠየቅ አፍሮ ቤቱ ተኛ። አንድ ጠዋት ኑሩ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

"ታምሩ ወደቀ ሲሉ ሰማሁ። ምን ሆነ?"

"ኢንሱሊኔ ተበላሸ። ምን እሆን መስሎሃል?"

"ና፣ ቤት እንሂድ።"

"ያንተም እኮ አይበቃም።"

"አይበቃም። ግን አለ።"

"ለምንድን ነው የምትሰጠኝ ብዬ ጠየቅሁት፣ አበቡ" አለኝ ታምሩ። "ሳቀብኝ። 'አሁንም ወጥመድ መስሎሃል?' አለኝ።"

ከዚያ በኋላ ታምሩ ጠዋት ጠዋት እማ ዘሀራ ቤት ይሄዳል። ሁለቱም ከሚገባቸው በታች ይወጋሉ፣ እህል ቀንሰው ይበላሉ። ስምምነት ግን አልነበረም፤ የሌላ ሰው ፕሮግራም ገልብጦ መሸጥ ሌብነት ነው አይደለም እያሉ መርፌ በእጃቸው ይዘው ይጨቃጨቁ ነበር። እማ ዘሀራ ከአልጋቸው ሆነው "ኧረ ተወጉና ተጣሉ!" ይሏቸዋል።

መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ኑሩ ቆረጠ። ከሁለት አንዱ በእግሩ ደሴ ሄዶ ለሁለቱም ማምጣት አለበት። እሱ እናቱን ትቶ አይሄድም። እናም የቀረችውን የኢንሱሊን ጠርሙስ ለታምሩ ሰጠው።

"ግማሹን አስቀር" አለው ታምሩ።

"በመርፌ ቀድቼ አስቀርቻለሁ፣ ይበቃኛል። አንተ መንገድ ላይ ብትወድቅ ለሁለታችንም አይሆንም። አብሽር፣ ሂድ።"

ያስቀረው ምንም የሚያህል እንዳልነበር በኋላ ጀናዛውን ያጠቡትና መርፌውን ያዩት ሰዎች ነገሩን። ታምሩ ይህን አላወቀም። ግራና በምትባለው ከተማ በኩል አድርጎ ከገበሬ ጋር ዳገት ዳገቱን ሄደ። ያሳደሩት አንድ ሽማግሌ መደባቸውን ለቀውለት እሳቸው መሬት ተኙ። ደሴ ደርሶ እኔን አፈላልጎ ሲያገኘኝ እግሩ ደም በደም ነበር። ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ዞረን ኢንሱሊኑን አገኘን። አንድ ቀን እንኳ ሳያርፍ ተመለሰ።

ከሐይቅ ከተማ ወዲያ ግን ውጊያ ነበር። በአስፋልቱ ሞከረ፣ በተራራው ሞከረ፤ መለሱት። በየሰው ደጃፍ ለፔርሙሱ በረዶ ሲለምን ከርሞ፣ ከመርሳ የወጡ ሰዎች አገኘ። ስለ ኑሩ ሲጠይቃቸው አንደኛው ሰውዬ "አላህ ይዘንለት" አለው። እንዲህ ሆኖ ነው በዚያ ረፋድ በሬን ያንኳኳው።

ደሴም ብዙ አልቆየችልንም፤ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደድን። ሰላም ሲመለስ መርሳ ገባን። የቤቴ በር ተገንጥሏል፣ ፎቶ ኮፒው የለም። የኑሩን ኮምፒውተርም ወስደውታል። ሥራውን ግን ማንም ሊወስደው አልቻለም፤ ድሮውኑ ለሁሉ ሰጥቶት ነበር። ኋላ ኔትወርክ ሲመጣ የመቁጠሪያውን ገጽ ከፈትኩና፣ ሌላ ቋንቋ ስለማልችል፣ መሞቱን በአማርኛ ጻፍኩ። የጅማው ሰው ለሌሎቹ ተረጎመላቸው። ፊንላንድ ያለችው ሴት ጀማሪ ሳለች ሰው ሁሉ ሲስቅባት እሱ ብቻ በትዕግሥት እንዳስረዳት ጻፈች። የብራዚሉ ሰው ልጁ ስትወለድ የላከውን የእንኳን ደስ አለህ መልእክት አሁንም እንዳስቀመጠው ነገረን። አይተውት የማያውቁ ሰዎች እንደዚያ ሲያለቅሱለት እኔ ጎረቤቱ ቀናሁ፤ ለምን እንደቀናሁ አላውቅም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ከዚያ በፊት፣ መርሳ በተመለስን ሰሞን የሆነው ነው። እማ ዘሀራን ለማጽናናት ልሄድ ስል ታምሩ አልሄድም አለ። "በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ልጃቸው ሞቶ እኔ ቆሜ?" ይላል። እጁን ይዤ እየጎተትኩ ወሰድኩት።

እማ ዘሀራ እዚያው አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ጎረቤት ነው የሚያነሳ የሚያስቀምጣቸው። እንደገባን እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አጽናኑኝ። ታምሩ በሩ ሥር አቀርቅሮ ተቀመጠ።

"እማ ዘሀራ፣ ይዤለት ነበር። አላደረስኩለትም። መንገዱ ተዘጋብኝ።"

"ሰምቻለሁ፣ ልጄ። የአላህ ነው።"

"የሱን ወስጄ ባልሄድ ኖሮ..."

እማ ዘሀራ አላስጨረሱትም። ጎረቤታቸው ምሳ ይዛ ስትገባ ኮቴዋን ሰምተው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

"ታምሩ፣ ዛሬ ተወጋህ?"

ታምሩ ቦርሳውን ከኋላው ሸሸገ።

"ተወጋህ ወይ ነው የምልህ?"

"አልተወጋሁም።"

"እንግዲያው ሳትወጋ እንዳትቀምስ። ቅረብ ወዲህ።"

ተነስቶ አልጋው ሥር ተንበረከከ። ከቦርሳው መርፌውን አወጣ። እኔ ጠርሙሱን ያዝኩለትና ቀዳ። እማ ዘሀራ ከተኙበት እጃቸውን ዘርግተው የሸሚዙን ጫፍ ያዙ። ገለጥ አደረጉና የሆዱን ሥጋ በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው ያዙለት።

"በል፣ ቢስሚላህ ብለህ ውጋ" አሉት።

ታምሩ ዓይኑን ጨፍኖ ወጋ። እማ ዘሀራ መርፌው ከወጣ በኋላም ሸሚዙን አለቀቁትም።